ዋያናድ፤ ምድሩ፣ ሰዉና አለቱ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጆች «በትምህርት ላይ ሳለህ ስላየኸው አገር ንግግር አድርግልን፤ ጽሑፉንም እናወጣዋለን» ባሉኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አፈር ምርመራ ከመማሪያ ክፍል ያገኘሁትን ለማቅረብ ነበር። ጥቂት ካሰብሁበት በኋላ ግን፣ ስለ ተዳፋት መሬት የማውቀውን ዋናውን ነገር የተማርሁት በደቡብ ሕንድ ከሚገኝ አንድ ተራራማ አውራጃ መሆኑን ተረዳሁ። ትምህርቱን ዘግይቼ መቀበሌን ደግሞ አልሸሽግም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዋያናድ ምድር፣ ስለ ሕዝቡና ስለ አለቱ እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ስለ ሕንድ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩ

ዋያናድ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በኬረላ ግዛት የሚገኝ ደጋማ አውራጃ ነው። ምዕራባዊ ጋትስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት የዐረብ ባሕርን ዳርቻ ተከትሎ ሲዘረጋ፣ ዋያናድ በጫፉ ላይ እንደ ሰገነት ተቀምጦ ይገኛል። ስፋቱ 2,130 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ራሱን የቻለ አውራጃ የሆነው ኖቬምበር 1 ቀን 1980 ነው። መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ በአብዛኛው ከ700 ሜትር ይጀምርና በቼምብራ ተራራ ላይ 2,100 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ከፍታ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር የቁልቁለቱ ድንገተኛነት ነው። ከኮዢኮድ ከተማ ተነሥቶ ሜዳውን ያቋረጠ መንገደኛ ከተራራው ሥር ሲደርስ፣ መንገዱ ዘጠኝ ጊዜ እየታጠፈ ላኪዲ ከተባለው አፋፍ ላይ ያወጣዋል። ከአፋፉ ወዲያ መሬቱ ለጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በዚህም ምክንያት የካቢኒ ወንዝ ለምዕራቡ ባሕር እጅግ ቀርቦ ሳለ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ምሥራቅ ይፈስና ከካቬሪ ጋር ተቀላቅሎ፣ የሕንድን ደቡብ አቋርጦ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። በምዕራቡ ጫፍ ያሉት አጫጭር ጅረቶች ግን በገደሉ ተወርውረው ወደ ቻሊያር ወንዝ ይወርዳሉ። አስቀድሜ የማሳስባችሁ፣ በኋላ የምናገረው መከራ የደረሰው በእነዚህ አጫጭር ጅረቶች ሸለቆ መሆኑን ነው።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን እርጥበት ተሸክሞ መጥቶ ከዚህ የተራራ ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ዝናቡንም እዚያው ያራግፋል። ከሥር ያለው አለት ናይስ፣ ቻርኖካይትና ግራናይት ሲሆን ዕድሜው እጅግ ያረጀ ነው። ሙቀትና ዝናብ ለብዙ ዘመን ስለ በሉት በአንዳንድ ቦታ ላዩ ወደ ቀይ አፈር ተለውጧል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ አፈሩ ታጥቦ ሄዶ ራቁቱን የቀረ ድቡልቡል የግራናይት ጉልላት ይታያል። ለአፈር መሐንዲስ ቁም ነገሩ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ነው። ውኃ ልል የሆነውን አፈር አልፎ ጠንካራውን አለት ባገኘ ጊዜ ወደ ታች መሄጃ ያጣል፤ በዚያው ወሰን ላይ ይጠራቀማል።

ሰዉ

በ2011 በተደረገው ቆጠራ የአውራጃው ሕዝብ 817,420 ነበር። ከዚህ ውስጥ 18 ከመቶ የሚሆነው በሕግ የቀደምት ነገዶች ወገን ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ በኬረላ ካሉት አውራጃዎች ሁሉ ይህን ያህል ድርሻ ያለው ሌላ የለም። ከእነርሱ መካከል ፓኒያ፣ ኩሪቺያ፣ ኩሩማ፣ አዲያና ካቱናይካ የሚባሉት ይገኛሉ። የቀረው ሕዝብ በልዩ ልዩ ዘመን ከሜዳው የወጣ ሲሆን፣ ብዙው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ መሬት ፍለጋ ከደቡብ ኬረላ የመጣ ገበሬ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ የሚመስለው ካርዳሞም የአውራጃው ሀብት ናቸው። ቡናው በአብዛኛው ሮቡስታ ነው። «እኔ ከአረቢካ አገር የመጣሁ ነኝ» ስላቸው በሄድሁበት ቤት ሁሉ ቡና አፍልተው ፍርድ ስጥ ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስለ እንግድነቴ በፍርዴ ለዘብተኛ ነበርሁ።

ኩሪቺያዎች ቀስት በመወርወር የታወቁ ናቸው። ንጉሥ ፓዛሲ ራጃ በ1805 እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ ከእንግሊዞች ጋር ባደረገው የጫካ ውጊያ ከጎኑ ተሰልፈዋል። ካቱናይካዎች የጫካ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከትልልቅ ዛፎችና ከገደል የዱር ማር በመቁረጥ ይታወቃሉ። ፓኒያዎች ግን በቁጥር ከሁሉ የሚበዙ ሆነው ሳለ ዕጣቸው የመረረ ነበር። በየዓመቱ በአንድ የቤተ መቅደስ በዓል ላይ ለባለ መሬት በጥቂት ገንዘብ እየተዋዋሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ታስረው የሚሠሩ ጭሰኞች ነበሩ። ይህን የመሰለ የእስር ሥራ በሕንድ በሕግ የተሻረው በ1976 ነው። ሕግ ከተሻረ በኋላም ልማድ ቶሎ እንደማይሻር እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው ነገር ነው።

ስለ ላኪዲ መንገድ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ። ታሪኩ ስለ እኛ ሙያ ስለ ሆነ በጥሞና ብትሰሙት እወዳለሁ። በእንግሊዞች ዘመን አንድ መሐንዲስ ወደ ዋያናድ የሚያወጣ መንገድ ፈልጎ ባጣ ጊዜ፣ ካሪንታንዳን የተባለ የፓኒያ ተወላጅ፣ ከብቶቹ የሚወጡበትን ፈለግ ተከትሎ መውጫውን አሳየው ይባላል። መሐንዲሱም «መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ለማለት ፈልጎ መሪውን ገደለው። ከዚያ በኋላ የሟቹ መንፈስ መንገደኞችን እያስቸገረ ስለ ቀረ፣ ሰዎች መንፈሱን በሰንሰለት ከአንድ ዛፍ ጋር አሰሩት። ዛፉና ሰንሰለቱ እስከ ዛሬ በላኪዲ አፋፍ ላይ ይታያሉ፤ እኔም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ታሪኩ በሰነድ የተረጋገጠ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ስለ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ታሪክ ለልጆቹ ሲያወርስ፣ ሙያተኛው ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል።

አለቱ

በዋያናድ አለት የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አምቡኩቲ ወደሚባለው ተራራ ይወሰዳል። በዚያ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የኤዳካል ዋሻ ይገኛል። በእውነቱ ዋሻ አይደለም፤ አለቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በስንጥቁ አፍ ላይ አንድ ታላቅ ቋጥኝ ወድቆ ተወትፎ ጣሪያ ሆኖለት ነው። ስሙም በማላያላም ቋንቋ «በመካከል ያለ ድንጋይ» ማለት ነው። በግድግዳው ላይ ከአዲሱ የድንጋይ ዘመን የሚቆጠሩ የሰውና የእንስሳት ቅርጾች ተፍቀው ይታያሉ። ቅርጾቹን በ1890ዎቹ ዓመታት ለዓለም ያስታወቀው ፍሬድ ፋውሴት የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ ሹም ነበር። የአገሩ ሰው ግን ሥፍራውን ከእርሱ በፊት እንደሚያውቀው የታወቀ ነው።

ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በአምባላቫያል አካባቢ ራቁታቸውን የቆሙ የግራናይት ጉልላቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ቺንጌሪ የሚባለው ነው። በእንዲህ ያለው አለት ላይ የእጅ መጨበጫ ብዙ አይገኝም፤ የሚወጣው ሰው የሚተማመነው በጫማው ጎማና በአለቱ መካከል ባለው ሰበቃ ነው። የደብረ ዳሞን ገደል በጠፍር ተጎትቶ የወጣ ሰው ክንዱ እንደሚደክመው፣ በዚህ አለት ላይ የሚደክመው ባት ነው። ሰውነትን ወደ አለቱ ማስጠጋት ደኅና ይመስላል፤ ዳሩ ግን ክብደቱን ከእግር ላይ ስለሚያነሣ ያንሸራትታል። ቀጥ ብሎ የቆመ ክብደቱን በእግሩ ላይ ስለሚጥል ይጸናል። አለቱ በጤዛ ከረጠበ ግን የትኛውም ብልሃት አይረዳም። የአፈር መካኒክስን ትምህርት ለተማራችሁ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአለት ላይ የቆመ ሰውና በአለት ላይ የተቀመጠ አፈር በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ቁልቁል የሚጎትት ክብደት አለ፣ በአለቱ ላይ የሚጫን ክብደት አለ፣ ሰበቃ አለ። ውኃ በመካከል ገብቶ ሽቅብ ሲገፋ የሚጫነውን ክብደት ይሰርቃል፤ ክብደቱ ሲሰረቅ ሰበቃው ይከዳል።

ይህን ሁሉ በቃሌ የማውቅ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ በጃንዋሪ ወር ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንዱ ጉልላት ሄድሁ። መንገድ መሪያችን የኩሩማ ነገድ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከአናቱ ላይ ገመድ ለማውረድ ማሰሪያ ሲፈለግ፣ «አንተ የአፈርና የአለት ተማሪ ነህ፤ ምረጥ» ተባልሁ። እኔም ከአለቱ ላይ ተነሥቶ የቆመ፣ እንደ ትልቅ ገበታ ሰፊ የሆነ ንጣፍ ድንጋይ መረጥሁ። ሽማግሌው ቀረብ አሉና በማጭዳቸው ጀርባ መታ መታ አድርገው አዳመጡት። ራሳቸውን ነቅንቀው አንድ ነገር ተናገሩ። ጓደኛዬ «ይህ ድንጋይ ከእናቱ ተለይቷል ይላሉ» ብሎ ተረጎመልኝ።

እኔ ግን በልቤ ሒሳብ ሠራሁ። ድንጋዩ ከሁለት ቶን አያንስም፤ የእኔ ክብደት 70 ኪሎ ነው፤ ድንገት ብወድቅ እንኳ ኀይሉ ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ከበቂ በላይ ነው አልሁ። የድንጋዩን ክብደት አሰላሁ፤ ድንጋዩ በምን ላይ እንደ ተቀመጠ አልጠየቅሁም። አሰርሁና ወረድሁ። አራት ሜትር ያህል እንደ ወረድሁ ንጣፉ ከሥሩ ተላቆ ተንሸራተተ፤ ገመዱ ላላ፤ እኔም ወደቅሁ። ሁለት ሜትር ያህል ሄጄ ከአለቱ ጋር ተጋጨሁና ቆምሁ። የእጄ አንጓ አጥንት ተሰነጠቀ፤ ከዚህ የባሰ አልደረሰብኝም። ያቆመኝ ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት ከተጎተትሁ በኋላ ነው። ሽማግሌው እኔ ስወርድ የተረፈውን የገመድ ጫፍ ወስደው፣ ከኋላ በስንጥቅ ውስጥ ሥር በሰደደ ዛፍ ላይ አስረውት ነበር። አልተቆጡኝም፤ አልተመጻደቁብኝም። ማጭዳቸውን አንሥተው መንገድ መምራታቸውን ቀጠሉ።

በእኛ አገር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ከዚህ የሚበልጠው ጥፋቴ ግን በማግሥቱ የሆነው ነው። ለተማሪዎቹ ቡድን ስለ አደጋው ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ «ዋናው ማሰሪያ በአለቱ መንሸራተት ምክንያት ተለቀቀ፤ ሁለተኛ ማሰሪያ ስለ ነበረ ከባድ ጉዳት አልደረሰም» ብዬ ጻፍሁ። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም። ሆኖም ማን አስጠነቀቀ፣ ማን አልሰማም፣ ሁለተኛውን ማሰሪያ ማን አሰረ የሚለው በውስጡ የለም። የካሪንታንዳንን ታሪክ የሰማሁት ከዚያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በላኪዲ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ለእናንተ ልተርክ አልችልም።

ናዳው

ወደ አገሬ ከተመለስሁ ከዓመታት በኋላ፣ ጁላይ 30 ቀን 2024 ከሌሊቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ7 እና በ10 ሰዓት መካከል፣ በዋያናድ ሜፓዲ አካባቢ ከፍ ካለ ተራራ ላይ የተነሣ ናዳ ሙንዳካይና ቹራልማላ የተባሉትን መንደሮች ጠርጎ ወሰደ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ዘንቦ ነበር። አፈሩ፣ ቋጥኙና ዛፉ ከውኃ ጋር ተደባልቆ በጠባቡ ሸለቆ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው ሰዎች ቁጥር ከ250 በላይ ነው፤ የብዙዎች አስከሬን ከቻሊያር ወንዝ ተለቅሟል።

ሥፍራው ከዚህ በፊት ያልተናገረ ሥፍራ አልነበረም። እዚያው ሙንዳካይ ላይ በ1984 ናዳ ወርዶ ሰው ገድሏል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ፑቱማላ ደግሞ ኦገስት 8 ቀን 2019 ሌላ ናዳ 17 ሰዎች አጥፍቷል። በማድሀቭ ጋድጊል ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው የምዕራባዊ ጋትስ አጥኚ ቡድን በ2011 ባቀረበው ሪፖርት፣ እነዚህን ተራሮች በጥብቅ ሕግ መጠበቅ እንደሚገባ መክሮ ነበር፤ ምክሩ ብዙ ክርክር አስነሥቶ በአብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ።

ከዚያ ሳምንት ሁለት ሥራዎችን ልጥቀስ። አንደኛው የእኛ ሙያ ክብር ነው። የሕንድ ጦር መሐንዲሶች በሜጀር ሲታ ሼልኬ መሪነት በቹራልማላ ወንዝ ላይ 190 ጫማ ርዝመትና 24 ቶን የመሸከም ዐቅም ያለው የቤይሊ ድልድይ፣ ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ገጥመው ኦገስት 1 ቀን ለመኪና ከፈቱት። ሁለተኛው ብዙ ወሬ ያልተነገረለት ነው። አንድ የፓኒያ ቤተ ሰብ በጫካ ውስጥ በአለት ሥር በሚገኝ ዋሻ ተጠልሎ ምግብ አጥቶ ነበር። አራት የደን ጥበቃ ሠራተኞች በዝናብ በረጠበ ቀጥ ያለ አለት ላይ ገመድ ከዛፍ ጋር እያሰሩ ወርደው፣ አባትየውንና ሦስት ሕፃናትን አገኙ። አንሶላ ቀደው ሕፃናቱን በሰውነታቸው ላይ አስረው፣ ያንኑ አለት መልሰው ወጡ። ሥራው ስምንት ሰዓት ያህል ፈጅቷል። እኔ አለት መውጣትን እንደ ጨዋታ የተማርሁበት አገር፣ ገመድና ዛፍ ምን እንደሚያደርጉ በዚህ አሳየኝ።

ለእኛ

ከሙንዳካይ ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአገራችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ፣ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። በደግነታቸው ሞቱ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ናዳ ሊወርድ እንደሚችል ግን አስቀድሞ ማስተማር የሚገባው የማን ነበር? መልሱን ለእያንዳንዳችን ሕሊና እተዋለሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ተናዝዤ ልጨርስ። ከሕንድ ከተመለስሁ በኋላ በደቡብ ደጋ በሚሠራ አንድ መንገድ ላይ የአፈር ምርመራ ሪፖርት አዘጋጅ ነበር። አንድ የአገሩ አዛውንት በአንድ ኩርባ ላይ አቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ይህ ቦታ በክረምት ያልበዋል፤ አባቶቻችን ከብት አያሳድሩበትም ነበር» አሉኝ። እጄን ነሥቼ አመሰገንሁ። ከዚያም በዕቅዱ የተመለከቱትን ጉድጓዶች በበጋ አስቆፈርሁ፤ ደረቅ ሆነው ተገኙ። አዛውንቱ ያሉት በሪፖርቱ አልገባም፤ በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። በሚቀጥለው ክረምት 60 ሜትር ያህል መንገድ ከነደጋፊ ግንቡ ወረደ። መንገዱ ገና አልተከፈተም ነበርና ሰው አልሞተም። ለአለቆቼ የጻፍሁት «ባልተጠበቀ የከርሰ ምድር ውኃ ምክንያት» የሚል ነበር። ያልተጠበቀ አልነበረም፤ ነግረውኛል።

ያን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ስፈርም፣ በግራናይቱ ጉልላት ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሁለተኛ መሥራቴ ነበር። እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛ፤ አባሎቻችን በሚያዘጋጁት የተዳፋት መሬት ምርመራ ሪፖርት ሁሉ፣ ከጉድጓድ ቁፋሮው መዝገብ ጎን አንድ የምስክርነት ገጽ ይግባ። ምንጭ በየት በኩል በምን ወር ይፈልቃል? ዛፍ የሚያዘነብለው የት ነው? መሬት የተሰነጠቀው መቼ ነው? የሚሉት ይጠየቁ፤ የተናጋሪውም ስም ከነመንደሩ ይጻፍ። የቆፋሪው ድርጅት ስም እንደሚጻፍ ሁሉ የምስክሩም ስም ይገባዋል።

ሁለተኛ፤ የተባለው ነገር በመሣሪያ ይመርመር። የአገር ሽማግሌ ሁልጊዜ ትክክል ነው አላልሁም፤ ብዙ ዘመን ጸንቶ የኖረ ተዳፋት፣ ዛፉ ሲቆረጥና መንገድ ሥሩን ሲቆርጠው የአባቶችን ምስክርነት ሊያስተሐቅር ይችላል። ነገር ግን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነውና፣ የት መቆፈር እንዳለብን የሚያመለክተን ሰው ሲገኝ እዚያው እንቆፍር፤ የውኃውንም ከፍታ በክረምት እንለካ።

ሦስተኛ፤ በተዳፋት ሥር ለሚኖሩ ቀበሌዎች ስለ ሁለተኛ ናዳ እናስተምር። ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ከላይ በኩል ጠባቂ ሳይቆም ማንም ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ፣ የሚቆፍሩትም ጥቂት ሆነው በተራ እንዲቆፍሩ፣ የቀሩት ከናዳው መንገድ ወጥተው በጎን እንዲቆሙ ማስረዳት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለቅሶና እድር በአንድ ጥሪ የሚሰበስበው ሕዝብ ይህንንም ትእዛዝ በአንድ ጥሪ ሊጠብቅ ይችላል።

ከመሰናበቴ በፊት፣ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በዛፉ ላይ ገመድ ያሰሩልኝን ሽማግሌ በስማቸው ለማመስገን ፈልጌ የቀድሞ ማስታወሻዎቼን አገላበጥሁ። የአለቱ ዓይነት፣ የገመዱ ርዝመት፣ የድንጋዩ ግምታዊ ክብደት በሚገባ ተጽፏል። የሰውየው ስም የለም። ለካስ አልጠየቅኋቸውም ነበር።